የልጆች የሰውነት ስብ፣ የአካል ብቃትና ድብቅ ብግነት፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

በአገራችን የሕፃናት ሥርዓተ ምግብ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የምግብ እጥረት ነው። ይህም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል ይኸው አኃዝ 41 በመቶ ነበር። በዚያው ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ ክብደታቸው ከቁመታቸው አንጻር ከመጠን በላይ ሆኖ የተገኙት ሕፃናት 2 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህ አኃዝ ሁለት ነገሮችን አያሳይም። አንደኛ፣ ዳሰሳው የመዘነው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን በመሆኑ በትምህርት ቤት ዕድሜ ስለሚገኙ ልጆች የሚናገረው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ አማካይ አኃዝ ገጠርንና ከተማን፣ ያለውንና የሌለውን ቤተሰብ በአንድነት ያጠቃልላል። በባሕር ዳር ከተማ የግል መዋዕለ ሕፃናት በሚማሩ ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ስለ ከመጠን ያለፈ ክብደት መጠየቁ ራሱ ጉዳዩ ወደ አካባቢው መግባቱን ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ከ390 ሚሊዮን በላይ ልጆችና ወጣቶች ክብደታቸው ከመጠን በላይ እንደነበረና ከእነዚህም 160 ሚሊዮኑ ከፍተኛ ውፍረት እንደነበረባቸው አስታውቋል።

ከባሕር ዳር ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምትገኘው መራዊ ለዚህ ለውጥ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከአጎራባች የሰሜን ሜጫ ወረዳ ቀበሌዎች ወደ ከተማዋ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ልጆች ረጅም መንገድ በእግራቸው ይጓዛሉ፤ በከተማዋ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ልጆች ደግሞ ለአጭር ርቀትም በባጃጅ ይመላለሳሉ፤ በየሱቁ ደጃፍም ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና የታሸገ ቺፕስ ያገኛሉ። ሁለቱ ዓይነት ልጆች በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ወላጆች የተዘጋጀ ነው፤ የሚሰጣቸው ምክር ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ብግነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ልጅ እሾህ ሲወጋው ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ይህ የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት የሚሰጠው ምላሽ ብግነት ወይም በተለምዶ አነጋገር የሰውነት መቆጣት ይባላል። ጀርምን ለማጥፋትና የተጎዳውን ለመጠገን የሚያስፈልግ ነው፤ ሥራው ሲያበቃም ይረግባል።

ሌላው ዓይነት ግን ሥቃይም፣ ትኩሳትም፣ እብጠትም የለውም። በደም ውስጥ በአነስተኛ መጠን ለወራትና ለዓመታት ሳይቋረጥ የሚቆይ ነው። ሐኪሞች ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ሥር የሰደደ ብግነት ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ ድብቅ ብግነት ተብሏል። ልጁም ወላጁም አያዩትም። የደም ሥሮችን ውስጠኛ ግድግዳ ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ኢንሱሊን የተባለው ቅመም ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደናቅፋል፤ በአዋቂነት ዘመን ለሚመጡት የስኳር፣ የልብና የደም ሥር በሽታዎችም መንገድ ይጠርጋል።

ይህን ብግነት ለመለካት በብዛት የሚያገለግለው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ወይም በአጭሩ ሲአርፒ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች የሳንባ ምች በያዛቸው ሕሙማን ደም ውስጥ አገኙት። ሲአርፒን የሚያመርተው ጉበት ሲሆን፣ እንዲያመርት የሚያዝዙት ደግሞ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ናቸው።

ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ስንቅ አይደለም

ለረጅም ጊዜ የሰውነት ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ የኃይል ስንቅ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የአይጥ ጥናት ግን የወፈሩ አይጦች የስብ ሕዋስ ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ እንደሚያመርት አሳየ። ከ10 ዓመት በኋላ በ2003 ደግሞ ሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች በበዛ ስብ ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች በብዛት ተሰብስበው እንደሚገኙ አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ ስብ እንደ አንድ እጢ ቅመም የሚያመነጭ የአካል ክፍል መሆኑ ተቀባይነት አግኝቷል።

የሚሆነው ይህ ነው። ልጁ ሰውነቱ ከሚያቃጥለው በላይ ኃይል ሲያገኝ የስብ ሴሎች ይሞላሉ፣ ይተልቃሉም። በጣም የተለጠጠ ሴል በቂ ኦክስጅን አይደርሰውም፤ ይጨነቃል፤ አንዳንዱም ይሞታል። የሞተውን ለማጽዳት የመጡት ማክሮፋጆች በዚያው ሆነው ሳይቶካይን ይረጫሉ፤ ሳይቶካይኑ በደም ተጉዞ ጉበት ሲደርስ ጉበቱ ሲአርፒ ያመርታል። በዚህ ሂደት ሌፕቲን የተባለው ቅመም ከፍ ይላል፤ ብግነትን የሚያበርደውና ኢንሱሊንን የሚያግዘው አዲፖኔክቲን ደግሞ ይቀንሳል።

ስብ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ከቆዳ ሥር በእጅ፣ በጭንና በዳሌ የሚቀመጠው በአንጻራዊነት ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። ይበልጥ የሚያሳስበው ሆድ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። ስለዚህ ከሚዛኑ ቁጥር ይልቅ የወገብ ልኬት አንዳንድ ጊዜ የተሻለ ይናገራል። በልጆች ላይ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም በተደጋጋሚ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ብዙ ስብ ያላቸው ልጆች የሲአርፒ መጠናቸው ጤናማ ክብደት ካላቸው እኩዮቻቸው ከፍ ያለ ነው፤ ይህም ልጆቹ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ነው።

በአካባቢያችን ይህን መቀበል ቀላል አይደለም። ልጅ ሲወፍር የጤናና የጥጋብ ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ «ልጅዎ አማረበት» የሚባለው ጉንጩ ሲሞላ ነው። ረሃብን በዓይኑ ላየ ትውልድ ይህ አስተሳሰብ ምክንያታዊ ነበር፤ ሊወቀስበትም አይገባም። ሆኖም ጉንጩ የሞላ ሕፃንና ወገቡ የሰፋ የ10 ዓመት ልጅ አንድ አይደሉም።

የአካል ብቃት ድርሻ

የአካል ብቃት ሲባል ልብ፣ ሳንባና ጡንቻ ተባብረው ልጁን ያለ ድካም የሚያንቀሳቅሱበት አቅም ነው። በትምህርት ቤቶች ከሚያገለግሉ ቀላል መለኪያዎች አንዱ የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ነው። ሁለት መስመር በ20 ሜትር ርቀት ይሰመራል፤ ልጆቹ በድምፅ ምልክት እየተመሩ ይመላለሳሉ፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ በየደቂቃው በግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ምልክቱን መከተል ያቃተው ልጅ ያቆማል፤ የደረሰበት ደረጃ ይመዘገባል።

ብቃታቸው ከፍ ያለ ልጆች በአብዛኛው ዝቅተኛ ሲአርፒ አላቸው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብቃት ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ስቡም አነስተኛ ነው፤ የሁለቱን ድርሻ ለመለየት በስሌት ሲሞከር በብቃትና በብግነት መካከል የሚታየው ግንኙነት በእጅጉ ይሳሳል፣ በአንዳንድ ጥናቶችም ጨርሶ ይጠፋል። በሌላ አነጋገር በልጆች ላይ ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ስቡ ሳይሆን አይቀርም። ሩጫ ብቻውን የስብን ጉዳት ሙሉ በሙሉ ያጥባል ማለት ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

ይህ ሲባል እንቅስቃሴ ጥቅሙ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም በቀጥታ ይወስዳል፤ የሆድ ውስጥ ስብን ይቀንሳል፤ የደም ግፊትን ያረጋጋል። ከዚህም በላይ የኮፐንሀገን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ጡንቻ ሲኮማተር ራሱ ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን መልእክተኛ ይለቃል። ይኸው ንጥረ ነገር ከስብ ሲመነጭ ብግነትን ያቀጣጥላል፤ ከሚሠራ ጡንቻ ለአጭር ጊዜ ሲለቀቅ ግን ብግነትን የሚያበርዱ ሌሎች ቅመሞችን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ክብደቱ ገና ያልቀነሰ ልጅም ከእንቅስቃሴ ይጠቀማል፤ ሚዛኑ አልተለወጠም ተብሎ ከሜዳ መቅረት የለበትም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ለዓለም ያበረከተችው የራሷ ማስረጃ አላት። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የብሔራዊ ቡድን ሯጮችን ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ሲያነጻጽር፣ ከማራቶን ሯጮቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዙ ይማሩ እንደነበረና ብዙዎቹም መንገዱን በሩጫ ይሸፍኑት እንደነበር ተመዝግቧል። ያም ሆኖ አገር በሯጮቿ መታወቋ ለሁሉም ልጅ ዋስትና አይሆንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በተሳተፈችበት ዓለም አቀፍ የልጆች እንቅስቃሴ ምዘና አጠቃላይ ውጤቷ ዝቅተኛ ነበር።

ቀጭን ልጅስ?

የዚህ ጉዳይ አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው፤ ለመራዊና ለአካባቢዋ ወላጆችም ይበልጥ የሚመለከታቸው ነው። ድብቅ ብግነት የወፍራም ልጆች ብቻ አይደለም። ንጽሕናው ባልተጠበቀ ውሃና አካባቢ የሚያድግ ልጅ ተቅማጥ ባይኖረውም እንኳ አንጀቱ በየጊዜው ከሚገቡ ጀርሞች ጋር በመታገል ሊቆጣ ይችላል። የአንጀቱ ግድግዳ ይሳሳል፤ ምግብ በአግባቡ አይመጠጥም፤ ደሙ ውስጥ የብግነት ምልክቶች ይጨምራሉ። በዚምባብዌ በሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የቀነጨሩ ሕፃናት ገና በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመታቸው ከፍ ያለ ሲአርፒ እንደነበራቸው፣ አጥንት እንዲረዝም የሚያዝዘው የዕድገት ቅመማቸው ደግሞ ዝቅ ብሎ እንደነበር አሳይቷል። ብግነቱ የሚበላውን ምግብ ከዕድገት ወደ ውጊያ ያዞረዋል ማለት ነው። ብግነት ብረት በሰውነት ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ስለሚያደርግም ለደም ማነስ ያጋልጣል።

ስለሆነም ንጹሕ ውሃ፣ የመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ዶሮና ከብትን ሕፃን ከሚድህበት ሥፍራ መለየት ሁሉም ብግነትን የሚቀንሱ ተግባራት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠው የአንጀት ጥገኛ ትላትል መድኃኒትና ከ6 ወር ጀምሮ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ እንዳያመልጣቸው ማድረግም ከዚሁ ይመደባል።

ሌላው ጥያቄ በሕፃንነቱ የተጎዳ ልጅ በኋላ ሲወፍር ምን ይሆናል የሚለው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት፣ በኔዘርላንድስ በደረሰው ረሃብ ወቅት በማኅፀን የነበሩ ሰዎች በጎልማሳነታቸው ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ቀንሶ ተገኝቷል። በአገራችንም በጅማ ዩኒቨርሲቲና በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ትብብር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በጅማ የተወለዱ ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ የሚከታተል ጥናት አለ። ጥናቱ ሕፃናትን በሚዛን ብቻ አልለካም፤ በአየር ግፊት ለውጥ የሚሠራ ልዩ መሣሪያ በመጠቀም ከክብደታቸው ምን ያህሉ ስብ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ጡንቻና ሌላ ሕዋስ እንደሆነ ለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የመጀመሪያ ውጤቱ የ350 አራስ ሕፃናትን ልኬት የያዘ ነበር። ከዚያ በኋላ በወጡ ሥራዎች ሲወለዱ ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍላቸው የተሻለ የነበረ ልጆች በ2 ዓመታቸው የተሻለ የአእምሮና የቋንቋ ዕድገት ሲያሳዩ፣ የስቡ መጠን ግን ተመሳሳይ ግንኙነት አልነበረውም። ልጆቹ በ5 ዓመታቸውም ተጠርተው የደም ስኳራቸው፣ የደም ስባቸውና የኢንሱሊን ሁኔታቸው ተመርምሯል።

ከዚህ ለወላጅ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የቀነጨረን ልጅ በስኳርና በዘይት አወፍሮ ማካካስ አይቻልም። የሚያስፈልገው ቁመትንና ጡንቻን የሚገነባ ምግብ፣ ማለትም እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣ፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ይህም ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ የላቀ ውጤት ይሰጣል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ ሲያደርግ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 መቀንጨርን ለማስቀረት ያቀደውም በዚሁ ዕድሜ ላይ በማተኮር ነው።

ልጅ ከመጠን በላይ መወፈሩ የሚታወቀው እንዴት ነው?

በዓይን ግምት ብቻ መወሰን አይገባም። ለአዋቂ የሚያገለግለው መለኪያም ለልጅ አይሠራም። ለምሳሌ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ቁመቷ 1.38 ሜትር፣ ክብደቷ 40 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ክብደቷ በቁመቷ ስኩዌር ሲካፈል 21 ይመጣል። ለአዋቂ ሴት ይህ ቁጥር ፍጹም ጤናማ ነው፤ ከመጠን በላይ የሚባለው 25 ሲደርስ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ ግን ለ10 ዓመት ሴት ልጅ ከመጠን ያለፈ ክብደት የሚጀምረው ከ19 በላይ፣ ከፍተኛ ውፍረት ደግሞ ከ22.6 በላይ ነው። ለወንድ እኩያዋ ወሰኖቹ 18.5 እና 21.4 ናቸው። በሌላኛው ጫፍ በዚህ ዕድሜ ከ13.5 (ለወንድ 13.7) በታች መሆን የመክሳት ምልክት ነው። ወሰኖቹ በየዕድሜው ስለሚለዋወጡ ልኬቱን ከሰንጠረዡ ጋር የሚያነጻጽረው የጤና ባለሙያ ነው።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ቀላል መንገድም አለ። በልብስ ሰፊ ሜትር የልጁ ወገብ በእምብርቱ አካባቢ ይለካል፤ ከቁመቱ ግማሽ ከበለጠ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው። ቁመቱ 138 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ ወሰኑ 69 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ዘዴ ለትምህርት ቤት ዕድሜ ልጆች እንጂ ለሕፃናት አያገለግልም።

የሲአርፒ ምርመራን በሚመለከት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ወላጆች የልጃቸውን ድብቅ ብግነት ለማወቅ በሚል በግል ላቦራቶሪ ይህን ምርመራ ማስደረግ አያስፈልጋቸውም። ውጤቱ ጉንፋን፣ የጥርስ ቁስል፣ ወባ ወይም የቆዳ ቁስል ባለበት ልጅ ላይ ከፍ ይላል፤ በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው አዲስ ኢንፌክሽንን እንጂ ስብን አይደለም። ወባ በሚገኝበት አካባቢ አንድ ጊዜ የተወሰደ ውጤት ስለ ስብ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ምርመራው ለተመራማሪዎችና ሐኪም ለሚያዝዘው የተለየ ምክንያት ይጠቅማል። ለወላጅ የሜትርና የሚዛን ውጤት በቂ ነው፤ ገንዘቡም ለእንቁላል ቢውል ይሻላል።

ምግብና እንቅስቃሴ

በመራዊ አካባቢ ጤናማ ምግብ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ወደ 7,000 ሄክታር መሬት ለማልማት የተገነባው የቆጋ መስኖ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ቃሪያና አቮካዶ ለገበያ ያቀርባል፤ ከጣና ሐይቅ ቀረሶና ሌላ ዓሣ ይመጣል፤ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና ኑግ የአካባቢው ምርቶች ናቸው። ችግሩ ብዙ ጊዜ አምራቹ ቤተሰብ አትክልቱን ሸጦ በገንዘቡ ለልጁ ብስኩትና ለስላሳ ይዞ መመለሱ ላይ ነው። ከሚሸጠው ጥቂቱን ለቤት ማስቀረት ምንም ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።

በለስላሳ መጠጥ ላይ ስሌቱን ማወቅ ይጠቅማል። ከእነዚህ መጠጦች አብዛኞቹ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10 ግራም ስኳር አላቸው። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ 10 በመቶው 40 ግራም፣ 5 በመቶው 20 ግራም ነው። ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ የሚጠጣ ልጅ ጠርሙሱን ሳይነካ ከዝቅተኛው ወሰን አልፏል። ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል ወይም ሙዝ ከብስኩት ይሻላል፤ ለጥማት ውሃ በቂ ነው። የሚረጋ ዘይት በብዛት የሚጠቀም ቤተሰብ በኑግ ወይም በሌላ ፈሳሽ ዘይት ቢተካው፣ መጠኑንም ቢቀንስ ይመከራል።

ይህ ምክር በምንም ዓይነት የልጅን ማዕድ መቀነስ ተብሎ መተርጎም የለበትም። ልጅ በማደግ ላይ ነው። ክብደቱ ከመጠን ያለፈ ልጅ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እንዲከሳ አይደረግም፤ ቁመቱ ሲጨምር ክብደቱ ባለበት እንዲቆይ ይደረጋል። ልጅን ምግብ መከልከል፣ በእኅት ወንድሞቹ ፊት «ወፍራሙ» እያሉ መጥራት፣ ለማክሳት ተብሎ የሚሸጥ መድኃኒት መስጠት ሁሉም ጎጂ ናቸው። የአመጋገብ ለውጡ ለመላው ቤተሰብ ሲሆን ልጁ ብቻውን የተቀጣ አይመስለውም።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ በሳምንት ቢያንስ በ3 ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር መሆን ይኖርበታል። ልጁ እየተንቀሳቀሰ መናገር ቢችል ነገር ግን መዝፈን ቢያቅተው እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው። የ60 ደቂቃው ጊዜ በአንዴ መሆን የለበትም፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚደረግ ፈጣን የእግር ጉዞ፣ በዕረፍት ሰዓት ኳስ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ ተደምረው ይሞሉታል። ከ3 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ሕፃናት በቀኑ ውስጥ 180 ደቂቃ ሊንቀሳቀሱ፣ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ከ1 ሰዓት በላይ ሊቆዩ እንደማይገባ ይመከራል። ከገጠር ቀበሌ በእግር የሚመላለስ ልጅ ይህን መጠን ያለ ምንም ዕቅድ ያሟላል፤ እርሱን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሩጫ ሳይሆን ጠዋት ሳይበላ እንዳይወጣ ማድረግና በቂ እንቅልፍ ነው። ከባድ ሸክምም እንደ ስፖርት ሊቆጠር አይገባም።

በሴቶች ልጆች ላይ የተለየ ትኩረት ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ11 እና 12 ዓመት ሲያልፍ ከሜዳ ወደ ማዕድ ቤት የሚገፉት እነርሱ ናቸው። የስፖርት ክፍለ ጊዜን ለሒሳብ ማካካሻ የሚያውሉ ትምህርት ቤቶችም ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚበረታ ሊያጤኑት ይገባል። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ«መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር አውራ ጎዳናዎች በተወሰኑ እሑዶች ለተሽከርካሪ ዝግ ሆነው ለእግረኛና ለጨዋታ ክፍት ሲሆኑ የታየው የልጆች ብዛት፣ ቦታ ሲገኝ ልጅ ለመንቀሳቀስ ጉትጎታ እንደማያስፈልገው አሳይቷል።

አገልግሎቱ የሚገኝበት ሥፍራ

ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የዕድገት ክትትል በየወሩ በጤና ኬላ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይሰጣል። ወላጅ የሕፃኑን የክትትል ካርድ ይዞ መቅረብ አለበት፤ ክብደቱ በተከታታይ አለመጨመሩም ሆነ ከመጠን በላይ መጨመሩ የሚታየው ካርዱ ላይ ባለው መስመር ነው። ከዚያ በላይ ያሉ ልጆች በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ ይለካሉ፤ ጤና ጣቢያው እንደ አስፈላጊነቱ ወደ መራዊ ሆስፒታል፣ ከዚያም በባሕር ዳር ወደሚገኙት የፈለገ ሕይወት ወይም የጥበበ ጊዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ይልካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆኑ ቤተሰቦች ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ ይኖርባቸዋል፤ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚሄድ ተገልጋይ ወጪውን ራሱ ሊሸፍን ይችላል።

ክብደቱ ከፍ ያለ ልጅ በእንቅልፉ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ በአንገቱ ዙሪያ ወይም በብብቱ ቆዳው ጠቁሮና ወፍሮ ከታየ፣ ዳሌውን ወይም ጉልበቱን እያመመው የሚያነክስ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ማንኛውም ልጅ፣ ቀጭንም ሆነ ወፍራም፣ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚሸና፣ እየበላም የሚከሳ ከሆነ ግን በዚያው ዕለት የደም ስኳሩ መለካት አለበት። ማስመለስ፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም ድብታ ከተጨመረበት አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገው በመሆኑ ቤተሰቡ ልጁን በቀጥታ ድንገተኛ ሕክምና ወዳለበት ተቋም ሊያደርሰው ይገባል፤ በዚህ ጊዜ የሪፈር ቅደም ተከተል አይጠበቅም።